አንቀጽ ስድስት እና ቁጥር አሥራ ሰባት

ሰኞ፣ ለፌስቲቫሉ 40 ቀን ሲቀረው

ለሚመለከተው ሁሉ፦ ዛሬ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ በመሳቢያዬ ውስጥ የሚገኘው እርሳስ ከቦታው ሁለት ጣት ያህል ወደ ግራ ተንቀሳቅሶ ተገኝቷል። ጫፉም እንደተውኩት ሹል አልነበረም።

ሌላ ሰው ቢሆን “ታዲያ ምን ይጠበስ?” ይል ይሆናል። ሌላ ሰው ግን የሰሚ ኮሚቴው ሰብሳቢ አይደለም። እርሳሱ የሚተኛው በመዝገቡ ላይ ነው። መዝገቡ ደግሞ የሸለቋችን ዘዬ መዝገብ ነው፤ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ቤት ሥራዬ በሚተርፈኝ ጊዜ ዘጠኝ ዓመት የለቀምኳቸው 1,140 ቃላት። በየበጋው ተራራው ላይ በሚደረገው የዘመናዊ ዘዬ ሙዚቃ ፌስቲቫል መዝፈን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ በዚህ መዝገብ ይመዘናል። አንቀጽ ስድስት “በመዝገቡ ያልሰፈረ ቃል የሸለቆው ቃል አይደለም” ይላል። ያረቀቅኩት እኔ ነኝ። አጭር ነው፣ ግልጽ ነው፣ ሳነበው አሁንም ደስ ይለኛል።

ቃላቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ቆጠርኩ። 1,140። አንድም አልጎደለም። ስለዚህ ሌባው ገልብጦ ሄዷል ማለት ነው። ገልብጦ የሚሄድ ሌባ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምን እንደወሰደ አይታወቅም።

ባለቤቴን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ወዲያው አውጥቻታለሁ። የልብስ ስፌት መኪናዋ ከመሳቢያው ሁለት እርምጃ ላይ መቆሙ እውነት ነው። ግን ከማዶ ተራራ የመጣች ሰው ናት፤ ዘዬያችን ከምላሷ ጋር አልተዋወቀም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ገበታ ላይ ሳርማት ኖሬያለሁ፤ አሁን አሁንማ ብዙ አትሳሳትም። ብዙ አትናገርም።

መሳቢያውን ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

“አንገትህ ላይ ያለው ምንድን ነው?” አለች ቁርስ ላይ።

“የሥራ ጉዳይ ነው።”

“እንግዲያው ሥራህን ከሻዩ ውስጥ አውጣው።”

እውነትም ገብቶ ነበር።

ሐሙስ፣ 37 ቀን

የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሱቅ ሄድኩ። ሽቦ እንለዋለን፤ ቅጥነቱና ሥራው ተባብረው ያወጡለት ስም ነው። ሬዲዮ ይጠግናል፣ ጊታር ይመታል፣ የተወዳዳሪዎችንም ዘፈን እሱው ይቀዳል። ልገባ ስል ከጓዳው ድምፁን ሰማሁ፤ “ቀስ ይበሉ፣ እሳቸው ከሰሙ አለቀልን” ይላል።

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። የጓዳውን በር ከኋላው ዘግቶ ብቅ አለ። ፊቱ አመድ መስሏል።

“ከማን ጋር ነበር የምታወራው?”

“ከጊታሩ ጋር፣ ጋሼ።”

“ጊታሩን አንቱ ነው የምትለው?”

“ዕድሜው የገፋ ነው፣ ጋሼ። ከአባቴ የወረስኩት ነው።”

ሳቅኩ፤ በሆዴ ግን አልሳቅኩም። ይህ ልጅ አንድ ነገር እየጠመጠመ ነው።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ የለችም። ሐሙስ ሐሙስ የፋርማሲስቱን ሚስት ቀሚስ ልታለካ ትሄዳለች። ከመጣች በኋላ “ቀሚሱ አላለቀም እንዴ?” አልኳት። “ሴትየዋ ቶሎ ቶሎ ትወፍራለች” አለችኝ።

እሑድ፣ 34 ቀን

ፋርማሲስቱ አዲስ ከረባት አስሯል። የኮሚቴው ምክትል ሰብሳቢ ነው። ምክትል ሰው አዲስ ከረባት ሲያስር ሰብሳቢው ወንበሩን ጠበቅ አድርጎ መያዝ አለበት።

መንገድ ላይ አስቆምኩትና “ባለቤትህ እንዴት ናት? የቀሚሷ ነገር እንዴት ሆነ?” አልኩት፣ ነገር ለማውጣት።

“የምን ቀሚስ? እናቷ ጋ ከሄደች ወር አለፋት እኮ።”

ዓይኑን በዓይኔ አየሁት። ፈገግ እንዳለ ቀረ። እንዲህ ያለ ዓይን አውጣ ውሸታም በሕይወቴ አላየሁም። የገዛ ሚስቱን ሸሽጎ “የለችም” ይላል! ምን ሊያገኝበት ነው? እስካሁን አልገባኝም፤ ይገባኛል።

ሰኞ፣ 33 ቀን

መስማት ተጀመረ።

ሥርዓቱ ይህ ነው። ዘፈኖቹ በፍላሽ ይመጣሉ፤ በላያቸው ቁጥር ብቻ አለ። የባለቤቶቹ ስም በእኔ ማህተም በታሸገ ቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚከፈተውም በፌስቲቫሉ ምሽት መድረክ ላይ ነው። ሽቦ ማጫወቻው ጋ ይቀመጣል፤ እኛ ሦስታችን ደግሞ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ፊታችንን አይቶ እንዳያሾልክብን። መጋረጃውን የሰፋችው ባለቤቴ ናት። “ዓይናችሁን ከደናችሁ፤ ጆሯችሁንስ ማን ይክፈተው?” ብላ ነበር ስትሰፋው። ግሱን አርሜላት ወጣሁ።

ሦስተኛው ሰሚ የቀድሞ የጂኦግራፊ መምህሬ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሰሙት፤ ብዙዎች ተኝተው ነው ይላሉ። እኔም እላለሁ።

ቁጥር አራት በትራክተር ድምፅ የታጀበ የፍቅር ዘፈን ነው። ወይም በፍቅር የታጀበ የትራክተር ዘፈን። አለፈ። ቁጥር ዘጠኝ ከዳር እስከ ዳር ሳክስፎን ነው፤ ሳክስፎን ዘዬ ስለሌለው የሚከሰስበት አንቀጽ ጠፋ። አለፈ። ቁጥር አሥራ አንድ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ብቻ ነው ግጥሙን የሚያውቀው። ለነገ አደረ።

ማክሰኞ፣ 32 ቀን

ቀኑን ሁለት ጊዜ አስምሬበታለሁ።

ቁጥር አሥራ ሰባት። ከበሮው ከማሽን የወጣ፣ ቤዝ ጊታር በላዩ፣ ከዚያ ድምፁ ይገባል። ቀስ ብሎ። ዝቅ ብሎ። አንድ ሰው ጎኔ ተቀምጦ ለእኔ ብቻ የሚያወራ መሰለኝ። አዝማቹ “እግርሽ ሞቀ ወይ?” ይላል። ለሴት የተዘፈነ ነው፤ ስለዚህ ዘፋኙ በፍቅር የተያዘ ወንድ ነው። እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ፋርማሲስቱ “ፖለቲካ አለበት” ብሎ ሹክ አለኝ። እሱ ፖለቲካ የማያይበት ነገር የሳል ሽሮፕ ብቻ ነው።

ነገሩ ግን ሌላ ነው። ዘፈኑ ውስጥ በመዝገቡ የሌሉ ሰባት ቃላት አሉ። ሰባት! ስላልተመዘገቡ እዚህም አልጽፋቸውም። ትርጉማቸውን ግን ከዘፈኑ መገመት ይቻላል። አንዱ ትኩስ ሾርባን ከሳህን ወደ ሳህን እያገላበጡ ማብረድ ነው። አንዱ ብርድ ልብስን ከእግር በታች አጥፎ መወተፍ። አንዱ ደግሞ አስታማሚውን እንዳያስቸግር ነቅቶ የተኛ የሚመስል በሽተኛ። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ለብቻው ቃል አለ ብሎ ማን ያምናል?

ሦስቱን የሆነ ቦታ ሰምቻቸዋለሁ። የት እንደሆነ አላውቅም። ጥሩ ቀጣፊ ማለት ይህ ነው፤ የፈጠረው ቃል ከድሮ ጀምሮ የምታውቀው ይመስልሃል።

ሌላም ነገር አለ። የቁጥር አሥራ ሰባት ድምፅ ባለቤቱ እንዳይታወቅ በማሽን ተቀይሯል። በዚህ ከተማ የማላውቀው ድምፅ የለም። ይህን ግን አላወቅኩትም። ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ሽቦን ለብቻው ያዝኩት።

“በየትኛው ማሽን ነው ድምፁን የቀየርከው?”

“ድምፅ መቀየሪያ የለኝም፣ ጋሼ።”

“ካድክ!”

አንገቱን ደፋ። ከዚያ ቀና ብሎ ሲያየኝ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። ወንጀለኛ ለመርማሪው ሲያዝን ማየት አዲስ ነገር ነው።

ሐሙስ፣ 30 ቀን

ድምፅ ተሰጠ። መምህሬ ዓይናቸውን ሳይገልጡ “የእኛ ነው” አሉ። እኔ “በአንቀጽ ስድስት መሠረት አይደለም” አልኩ። ፋርማሲስቱ ከረባቱን ነካ ነካ አደረገና “ሰብሳቢያችን ያለው ነው” አለ። ሁለት ለአንድ። ቁጥር አሥራ ሰባት ወደቀ።

ፋርማሲስቱ ለምን ደገፈኝ? ይህም ያጠራጥራል።

ቃለ ጉባኤውን ስጽፍ የአንቀጽ ስድስትን ቀን ለመጥቀስ የድሮውን ፋይል አወጣሁ። የጸደቀው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው፤ ስብሰባው ከቀኑ አሥር ሰዓት ተጀምሮ ምሽት ሦስት ሰዓት ከሃያ ተጠናቀቀ። እናቴ ያረፈችው በዚያው ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም። ሰዓቱ ፋይሉ ላይ ስለነበረ ጻፍኩት።

እራት ላይ ለባለቤቴ “አንዱን አስመሳይ ዛሬ ጣልነው” አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

“ምን አጠፋ?”

“የሌለ ቃል ፈጠረ።”

“ሰው የሌለ ቃል ሲዘፍን ደስ ይላል ወይስ አይልም?”

“ደስ ማለቱማ ደስ ይል ነበር። ግን ሕግ ሕግ ነው።”

“ደስ ይል ነበር” አለች፤ እኔን ሳይሆን ሳህኑን እያየች።

ዓርብ፣ 29 ቀን

ቸኩያለሁ። ባለቤቴ ከቁም ሣጥን አናት ላይ ትልቁን ሻንጣ አውርዳለች። እጀታውን እየሰፋች ነው። ለማን? “ለሚሄድ ሰው” አለች። የፋርማሲስቱ ሚስት መሆን አለባት። እሱም “ሄዳለች” ሲል ለሚመጣው ጉዞ እያለማመደኝ ነበር ማለት ነው። ነገሩ መልክ እየያዘ መጣ።

ረቡዕ፣ 17 ቀን

ይግባኝ ቀረበ! በታሪካችን የመጀመሪያው።

በአንቀጽ ዘጠኝ መሠረት የወደቀ ዘፋኝ ስሙን ሳይገልጽ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነና ከየት እንደሰማው ጽፎ ማቅረብ ይችላል። አንቀጹን ያስገባሁት ደንቡ እንዲያምር ነበር፤ ይጠቀሙበታል ብዬ አይደለም።

ወረቀቱ የሽቦ እጅ ጽሕፈት ነው፤ “ባለ ዘፈኑ እንዳሉኝ የጻፍኩት” ይላል ከታች። የሰባቱንም ትርጉም ዘርዝሯል። ስድስተኛው የውኃ ማጠራቀሚያ ጋን ሲሞላ የሚያሰማው እምምታ ነው። ሰባተኛው እመጣለሁ ብሎ የሚቆይን ሰው መጠበቅ ነው።

“የት ተሰማ?” በሚለው ቦታ እንዲህ ተጽፏል፦ “መስኮቱ ወደ ውኃ ጋኑ ከሚያይ ክፍል፣ አልጋ ላይ ካሉ አንዲት እናት።”

ከሥር ደግሞ አንድ መስመር፦ “ቃላቱ በመዝገቡ ውስጥ አሉ።”

ይህ የመጨረሻው ዓይን ያወጣ ቅጥፈት ነው። ቆጥሬያለሁ! 1,140!

ግን መስኮቱ ወደ ውኃ ጋኑ የሚያይ ክፍል በዚህ ሰፈር አንድ ብቻ ነው። እናቴ አራት ዓመት የተኛችበት ክፍል።

አንድ ሰው የእናቴ ክፍል ገብቷል።

ሐሙስ፣ 16 ቀን

ቁርስ ላይ ባለቤቴን በምስክርነት ጠየቅኳት። ቃሏን እንደወረደ አስፍሬዋለሁ።

“እናቴ በታመመች ጊዜ ክፍሏ ማን ማን ይገባ ነበር?”

“እኔ።”

“ካንቺ ሌላ?”

“ማንም።”

“መርፌ የምትወጋዋ ነርስስ?”

“ወግታ ትወጣለች። አምስት ደቂቃ አትቆይም።”

“እናቴ ከማን ጋር ታወራ ነበር?”

“ከእኔ ጋር።”

“ከአንቺ ጋርማ አውቃለሁ። ሌላ ሰው እያልኩሽ እኮ ነው።”

ሻዬን ከአንዱ ብርጭቆ ወደ ሌላው አገላብጣ አብርዳ አቀረበችልኝና ቀሚስ ልታለካ ወጣች።

ማጠቃለያ፦ ምስክሯ የሚረባ ነገር አልሰጠችም።

ማክሰኞ፣ 11 ቀን

ሽቦ ሱቅ አምፖል እንደሚገዛ ሰው ገባሁ። የጓዳው በር ገርበብ ብሏል። ማይክራፎን፣ ወንበር፣ ወንበሩ ላይ ትራስ። ወለሉ ላይ ቀይ ክር። የባለቤቴን ክር የትም ባየው አውቀዋለሁ፤ ቀዩን የምታመጣው ከማዶ ነው።

ስለዚህ ሽቦ የባለቤቴን ክር ይሰርቃል። ለጊታሩ ይሆን? ለፍላሾቹ ማንጠልጠያ? ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ እንዳትደነግጥ።

እሑድ፣ 6 ቀን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ አንድ ጊዜም አላረምኳት። መሻሻል ነው ብዬ ተደስቼ ነበር። ማታ ሳስበው ለካ ቀኑን ሙሉ አንድም ቃል አልተናገረችም።

ሻንጣው መኝታ ቤት በሩ ጋ ቆሟል። ሞልቷል። የፋርማሲስቱ ሚስት መቼ ነው የምትወስደው?

ያ ዘፈን ከጆሮዬ አልወጣ አለ። መዝገብ ቤት ፋይል እየደረደርኩ “እግርሽ ሞቀ ወይ?” ስል ያዝኩት ራሴን። ተላላኪዋ “አዎ፣ ሞቋል፣ ጋሼ” ብላ አሳቀችብኝ።

እናቴ ብርድ ልብሱን ከእግሬ በታች ስትወትፍ የምትለው ቃል ነበረ። ልጅ ሆኜ። የዘፈኑ ሁለተኛ ቃል ነው። እኔው ነኝ የረሳሁት። ዘጠኝ ዓመት ገበያ ለገበያ፣ አውቶቡስ ለአውቶቡስ ጆሮዬን ቀስሬ ስለቅም፣ እሷ በሕይወት ሳለች ከግድግዳው ማዶ አድርጌያት አንድ ቀን “እስቲ ንገሪኝ” አላልኳትም። “ከስብሰባ ስመለስ እመጣለሁ” እላት ነበር። ለዚህም ሰባተኛው ቃል አለለት።

ይህ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የለውም ብዬ ልጽፍ ነበር።

ረቡዕ፣ 3 ቀን

መምህሬን ቤታቸው ሄጄ አናገርኳቸው። ግቢ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ዓይናቸው እንደተለመደው ተጨፍኗል።

“መምህሬ፣ ይግባኙን ልጥለው ነው። ‘ቃላቱ መዝገቡ ውስጥ አሉ’ ብሎ ዋሽቷል።”

“አየህ?”

“ሁሉንም ቆጥሬያለሁ። 1,140ኛው ላይ ያልቃል።”

“አንተ ልጅ፣ ካርታ ላይ መንገዱ ሲያልቅ አገሩ ያልቃል? ስንቴ ቀጥቼህ ነበር በዚህ!”

“እና?”

“ከ1,140 በኋላ ያለውን ገጽ ገልጠሃል ወይ?”

“ከ1,140 በኋላ ምን አለ ብዬ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ። እኔ ተኝቼ ነው የምሰማው ትሉ የለ?”

እግሬ አውጪኝ ብዬ ቤት ገባሁ። ቁልፉ ከአንገቴ አልወጣ ብሎኝ ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት።

ረቡዕ፣ በዚያው ቀን

አየሁ።

ከመጨረሻው ቃሌ ቀጥሎ ባዶ ገጽ አለ። ከባዶው ገጽ ቀጥሎ በእርሳስ፣ በደነዘዘ ጫፍ፣ ሰባት ቃላት። ቁጥር ሰጥታቸዋለች። ሰባት ቁጥሩ ባለቤቴ የወገብና የእጅጌ ልክ የምትጽፍበት አጻጻፍ ነው፤ መሐሏን በሰረዝ የምትቆርጣት ሰባት። በየቃሉ ጎን አንድ ዓይነት ነገር ተጽፏል፦ “ከእማማ የተሰማ።”

መዝገቡን ሌባ ነካው ብዬ ስቆጥር የጎደለ ፈለግኩ። የተጨመረ አልፈለግኩም።

መኝታ ቤት ገባሁ። ሻንጣው የለም።

ሐሙስ፣ 2 ቀን

ትናንት ለአንድ ምሽት ብላ ጎረቤት ማደሯን ሽቦ ነገረኝ። ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ወደ እህቷ፣ ወደ ማዶ ትሄዳለች።

በሁለት ሰዓት አስቸኳይ ስብሰባ ጠራሁ። ፋርማሲስቱ ከረባቱን በእጁ ይዞ መጣ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ለቀሚሱም ይቅርታ ጠየቅኩት፤ የቱ ቀሚስ እንደሆነ እስካሁን አልገባውም። አንቀጽ ስድስት ተሻረ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት አለፈ፤ በሙሉ ድምፅ። ቃለ ጉባኤውን ጻፍኩ፣ ማህተሙን ኪሴ ከተትኩ፣ ሮጥኩ። ከተማው ስሮጥ አይቶኝ አያውቅም። ባለ ጋሪው “ጋሼ፣ ማን ሞተ?” አለኝ።

መናኸሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ሻንጣው እግሯ ሥር ነው።

“ቀሚስ ልታለኪ ነው?” አልኳት። ከሁሉ ነገር መርጬ ይህን አልኩ።

“እህቴ ጋ ነኝ።”

“እስከ መቼ?”

“አውቶቡሱ እስኪሞላ ጊዜ አለህ። ሌላ ጥያቄ ካለህ ጠይቅ፤ ምስክር መሆን ለምጃለሁ።”

ወረቀቱን አወጣሁ።

“አንቀጽ ስድስት ተሽሯል።”

“ይሄን ልትነግረኝ ነው እንዲህ ላብ በላብ የሆንከው?”

“ማህተምም አለው።”

ሳቋ ሊመጣ ሲል መለሰችው። ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። ለቀሚስ ጨርቅ እንደምትመርጥ በጣቷ እየዳሰሰች፣ ቀስ ብላ።

“‘ሰብሳቢው አላዳመጠም’ ብለህ ጽፈሃል።”

“ቃለ ጉባኤ ላይ እውነቱ ነው የሚጻፈው።”

“እማማ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?” አለች። “‘ልጄ ቃል ይለቅማል አሉ። እኔ ጋ ሳይደርስ ቀረ። አንቺ ያዢልኝ፤ አንድ ቀን ይጠይቅሽ ይሆናል።’ ሦስት ዓመት ጠበቅኩ። ጠረጴዛ ላይ አንዷን ቃል ብዬ እንደሆነ አርመህ ትጥላታለህ። ስለዚህ ‘ገበያ የሰማውን ነው የሚያምነው፤ እኔም በሙዚቃ ልበለው’ አልኩ። በሙዚቃም ጣልከኝ።”

ሻንጣውን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ሰባተኛውን ቃል አልኳት፤ እመጣለሁ ብሎ የሚቆይን ሰው የመጠበቁን። ጎርነን ብሎ፣ ተሰባብሮ ወጣ።

“እንደሱ አይደለም” አለች። “መጨረሻውን ላላ አድርገው።”

ደግሜ አልኩት።

“እንደገና።”

ሦስት ጊዜ አረመችኝ። አውቶቡሱ ሞልቶ ረዳቱ “እሜቴ፣ ይሄዳሉ ወይስ ይማራሉ?” ሲል ጮኸ።

“ቅዳሜ ዘፈን አለብኝ” አለችው። ለእኔ ደግሞ “ለቅዳሜ ብቻ ነው” አለችኝ። ሻንጣውን እኔ ተሸከምኩ። ከባድ ነው። የክረምት ልብሷን ጭምር ይዛ ነበር።

ቅዳሜ፣ ፌስቲቫሉ

መድረኩ ላይ ቆርቆሮ ሳጥኑን ከፍቼ ስሟን አነበብኩ። ሃያ ስድስት ዓመት የማውቀውን ስም በማይክራፎን ስጠራው ድምፄ ከዳኝ። ሽቦ ይሸፈንልኝ ብሎ መሰለኝ ማሚቶ ጨመረበት፤ ተራራው በሙሉ ስሟን አራት ጊዜ ጠራት።

በሰፋችው ሰማያዊ ቀሚስ ወጣች። ለካ ሐሙስ ሐሙስ የሚለካ ቀሚስ ነበረ። ሽቦ ጊታሩን፣ ማሽኑ ከበሮውን ያዙ። “እግርሽ ሞቀ ወይ?” ስትል ፊት ለፊት የተቀመጡ አሮጊቶች አንድ ላይ “ሞቀ!” ብለው መለሱላት። መልስ እንዳለው አላውቅም ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ማንንም አልጠየቅኩም።

ሦስተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ቁጥር አራት፣ ትራክተሩ ነው። “ይገባዋል” አለች፤ “ከእኔ ይልቅ ትራክተሩ ነው የሚሰማው።”

እሑድ

ሻንጣው በሩ ጋ ነው። ክፍት ነው። ግማሹ ወጥቶ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ተሰቅሏል፤ ግማሹ እንዳለ አለ። ስለ ቀሪው ግማሽ አልጠየቅኩም። ስለ ስምንተኛ ቃል ጠየቅኩ። “አለ” አለች፤ “ግን መጀመሪያ ሻይህን ጠጣ።” መሳቢያውን አልቆለፍኩትም። እርሳሱን ቀርጬ በእሷ በኩል አስቀመጥኩት።

ማረሚያ

በዚህ ደብተር፣ ለፌስቲቫሉ 32 ቀን ሲቀረው በተጻፈው ገጽ ላይ “የቁጥር አሥራ ሰባት ድምፅ ባለቤቱ እንዳይታወቅ በማሽን ተቀይሯል” የሚል ሰፍሮ ይገኛል። ጉዳዩ ተጣርቷል። ቀጂው ባለሙያ በሰጠው ቃል መሠረት ድምፁን የነካው ማሽን የለም። ድምፁ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት በዚሁ ቤት፣ በዚሁ ገበታ ላይ ሲሰማ የኖረው ድምፅ ነው። ጉድለቱ የአድማጩ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ የተጠቀሰው ዓረፍተ ነገር ከዛሬ ጀምሮ “ሰብሳቢው የሚስቱን ድምፅ አላወቀም” ተብሎ እንዲነበብ ታርሟል።